በጅሮንዱ ጳጳስ

መዝገብ የሚጽፍ ሰው ስሙ በመዝገብ ውስጥ እንዲገኝ ብሎ አይጽፍም። የሚጽፈው የሌላውን ስም፥ የሌላውን ዕዳ፥ የሌላውን ርስትና የሌላውን ሹመት ነው። በታሪክ መጻሕፍት የነገሥታት ጦርነትና ጋብቻ በሰፊው ሲተረክ፥ ያን ጦርነት ያስኬደው ገንዘብ በየትኛው ሣጥን እንደ ተቀመጠ፥ ማን እንደ ቈጠረውና ቊልፉን ማን እንደ ያዘ የሚነግረን ገጽ ጥቂት ነው። እኛም በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነን ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋራ የምንውል ሰዎች የታሪክ መጽሐፍ በምናነብበት ጊዜ፥ ዓይናችን ከንጉሡ ዙፋን ይልቅ ከዙፋኑ በስተጀርባ ወዳለው የጸሐፊ ጠረጴዛ መሳቡ አይቀርም። በዚያ ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጦ ያገኘነውን አንድ ሰው ዛሬ ከአንባቢዎቻችን ጋራ ልናስተዋውቅ እንወዳለን። ሰውዬው ዋልተር ስቴፕልደን ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ከተማ ጳጳስና የንጉሥ ኤድዋርድ 2ኛ በጅሮንድ ነበር። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ጳጳስ ስለ ምን በጅሮንድ ይሆናል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በምዕራብ ኤውሮጳ የመንግሥት ደብዳቤና የሒሳብ መዝገብ በአመዛኙ የሚጻፈው በላቲን ቋንቋ ነበር፤ ላቲንን አጥርቶ የሚያውቀውም አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክህነት ሰው ነበር። ስለዚህ ንጉሡ ጸሐፊ ሲፈልግ ከካህናቱ ወገን ይመርጣል፤ በደኅና ያገለገለውንም ጸሐፊ ከራሱ ግምጃ ቤት አውጥቶ ደመወዝ ከሚሰጠው ይልቅ የደብር አለቅነት ወይም ጵጵስና እንዲያገኝ ቢረዳው ይቀለው ነበር። በሌላ በኩልም ጳጳሳቱ ሰፊ የርስት መሬት ስለ ነበራቸው ከመሳፍንቱ ጋራ በፓርላማ ይቀመጡ ነበር። እንግዲህ ጳጳስ ሆኖ በመንግሥት ጉዳይ መግባት በእንግሊዝ አገር የተለመደ ሥርዐት እንጂ ነውር አልነበረም። የስቴፕልደን ታሪክ ልዩ የሚሆነው ሁለቱን ሹመቶች በአንድነት በመያዙ ሳይሆን፥ ሁለቱንም በታላቅ ትጋት ሠርቶ ሲያበቃ እንደዚያ ያለ አሟሟት መሞቱ ነው።

ስቴፕልደን የተወለደው በ1260 ዓ.ም. ገደማ ከእንግሊዝ በስተ ደቡብ ምዕራብ በዴቨን አውራጃ ነው። ቤተሰቡ መጠነኛ ርስት ያለው የባላገር ቤት ነበር እንጂ ከታላላቆቹ መሳፍንት ወገን አልነበረም። በኦክስፎርድ ተምሮ በቤተ ክርስቲያን ሕግና በሮማውያን ሕግ የሊቅነት ማዕርግ አገኘ። ከዚያም በኤክሰተር ካቴድራል የመዘምራን አለቃ፥ እኛ መሪጌታ እንደምንለው ያለ፥ ሆኖ ተሾመ። በ1307 ዓ.ም. የካቴድራሉ ካህናት ጳጳስ እንዲሆናቸው መረጡት፤ በ1308 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ማዕርገ ጵጵስናውን ተቀበለ።

በሀገረ ስብከቱ የሠራው ሥራ ዛሬም በዓይን ይታያል። ካቴድራሉ በዚያን ጊዜ በመታደስ ላይ ነበርና ጳጳሱ ከገቢው ብዙ ገንዘብ ሰጠ። ከ1313 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያሠራው የጳጳሱ መንበር ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተጠረበ ሲሆን ቁመቱ ወደ 18 ሜትር ይደርሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በ1942 ዓ.ም.፥ የጀርመን አውሮፕላኖች ኤክሰተርን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ ካቴድራሉ ክፉኛ ተጐዳ፤ መንበሩ ግን አስቀድሞ ተነቃቅሎ ወደ ሌላ ሥፍራ ተወስዶ ስለ ነበር ተረፈ።

ከመንበሩ ይልቅ እኛን ደስ ያሰኘን ግን ሌላው ሥራው ነው። በ1314 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ከተማ ለ12 ተማሪዎች መኖሪያና መማሪያ የሚሆን ቤት አቋቋመ። ከነዚህም ውስጥ 8ቱ ከዴቨን፥ 4ቱ ደግሞ ከዚያ ራቅ ብላ ከምትገኘው ከኮርንዋል እንዲሆኑ ወሰነ፤ አንድ ቄስም 13ኛ ሆኖ ተጨመረላቸው። ለቀለባቸው በኮርንዋል ያለውን የግዊኒርን ደብር ገቢ አስመደበላቸው፤ አለቃቸውንም ራሳቸው በየዓመቱ እንዲመርጡ ደነገገላቸው። በመጀመሪያ ስቴፕልደን አዳራሽ ይባል የነበረው ያ ቤት ዛሬ ኤክሰተር ኮሌጅ ተብሎ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይኖራል። ከአገሪቱ ዳርቻ የወጣ ሰው፥ እንደ እርሱ ከዳርቻ የሚመጡትን ልጆች በመንገድ ላይ ጥሎ አላለፈም። ይህን ያስታወስነው በኋላ ስለዚህ ሰው የሚነገረውን ክፉ ነገር ስንሰማ፥ ከአንድ ወገን ብቻ እንዳንፈርድ ነው።

ያ ዘመን ለእንግሊዝ አገር ክፉ ዘመን ነበር። ኤድዋርድ 2ኛ በ1307 ዓ.ም. ሲነግሥ ከአባቱ የወረሰው ዙፋኑን ብቻ አልነበረም፤ ከባድ ዕዳና ያላለቀ የስኮትላንድ ጦርነትም ነበር። ባለሟሉን ፒርስ ጋቭስተንን ከመጠን በላይ ስላከበረ መሳፍንቱ ተቈጥተው በ1312 ዓ.ም. ጋቭስተንን ይዘው ገደሉት። በ1314 ዓ.ም. በባኖክበርን ላይ የንጉሡ ጦር በስኮትላንዱ ንጉሥ በሮበርት ብሩስ ድል ሆነ። ከ1315 እስከ 1317 ዓ.ም. ዝናሙ ከልክ አልፎ ሰብሉ በማሳው ላይ በሰበሰ፤ በሰሜን ኤውሮጳ ሁሉ ታላቅ ረኃብ ገባ፤ ከረኃቡም በኋላ የከብት በሽታ ተከተለ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደግሞ ሂው ዴስፔንሰር የሚባሉ ስማቸው አንድ የሆነ አባትና ልጅ ኀይላቸው እያደገ ሄደ። ልጅየው የንጉሡ እልፍኝ አስከልካይ ሆኖ ስለ ነበር፥ ያለ እርሱ ፈቃድ ከንጉሡ ፊት መቅረብ የማይቻል ሆነ።

በ1320 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ስቴፕልደን በጅሮንድ ሆኖ የተሾመው በእንደዚህ ያለ ጊዜ ነው። ግምጃ ቤቱን ተረክቦ ሲመለከት የቸገረው የብር ማነስ ብቻ አልነበረም። ከነገሥታት ጋራ የተደረጉ ውሎች፥ ከሮማው ሊቀ ጳጳሳት የመጡ ደብዳቤዎች፥ የግብር ጥቅልሎችና የርስት ማስረጃዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተከማችተው በየሣጥኑና በየከረጢቱ ተደበላልቀው ነበር። ክርክር በተነሣ ጊዜ አስፈላጊውን ሰነድ ለማግኘት ብዙ ድካም ይጠይቅ ነበር። በዚያው ዓመት መዛግብቱ ተመርምረው በየወገናቸው እንዲደረደሩ ታዘዘ። በ1322 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ ስለምትገኘው ስለ ጋስኮኝ ግዛት ያሉት ሰነዶች ተዘረዘሩ፤ በ1323 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ ዝርዝር ተፈጸመ። ይህም ዝርዝር ከሮማ ከመጡት ደብዳቤዎች ጀምሮ የፈረንሳይን፥ የስኮትላንድን፥ የዌልስን፥ የአየርላንድንና የሌሎቹንም አገሮች ሰነዶች በተራ የሚያመለክት ነው። በ1836 ዓ.ም. በማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ፤ ዋናው ጽሑፍም ዛሬ ከሎንዶን በስተ ምዕራብ በኪው በሚገኘው የብሔራዊ መዛግብት ቤት ተጠብቆ ይኖራል።

ለብዙ ሰው ይህ ተራ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን የአንድ ፋይል መጥፋት ለሰው ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን። ባለጉዳይ ከሩቅ አውራጃ መጥቶ፥ ስንቁ አልቆ፥ ከዘመድ ቤት እያደረ፥ «ነገ ተመለስ» ሲባል ወራት የሚያልፉበት፥ በደል የፈረደበት ሰው ስላለ ሳይሆን ወረቀቱ የተቀመጠበትን የሚያውቅ ስለሌለ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ነገር ግን ተጽፎ የተቀመጠበት ካልታወቀ ከተረሳው በምን ይሻላል? ስለዚህ ከ700 ዓመታት በፊት አንድ በጅሮንድ ከሥራው ሁሉ አስቀድሞ «ያለንን እንወቅ» ብሎ መነሣቱን ስናነብ፥ የሙያ ወንድማችንን ያገኘን መሰለን። ሆኖም ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ የሚያስጨንቀው ክፍል የሚጀምረው መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

በ1321 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የንጉሡ ዳኞች ሎንዶን ገብተው የከተማይቱን መብትና የሹሞችዋን አሠራር ይመረምሩ ጀመር። እንዲህ ያለ ምርመራ ከ1276 ዓ.ም. ወዲህ አልተደረገም ነበርና፥ ሕዝቡ ከአባቶቹ ጀምሮ ይዞት የኖረውን መብት በምን ማስረጃ ያዝኸው ተብሎ ሲጠየቅ ተጨነቀ። ይህን መከራ ያመጣብን በጅሮንዱ ነው የሚል ቂም በከተማው ሰዎች ልብ ያደረው በዚያን ጊዜ ነው።

በዚያው ዓመት በጁላይና በኦገስት ወራት መሳፍንቱ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሎንዶን መጡ፤ በፓርላማም ሁለቱ ዴስፔንሰሮች ከአገር እንዲሰደዱ አስወሰኑ። ስቴፕልደንም በዚሁ ወራት ከበጅሮንድነቱ ወረደ። ጥቂት ቈይቶ ንጉሡ የዴስፔንሰሮቹ ስደት እንዲሻር የጳጳሳቱን ድጋፍ በጠየቀ ጊዜ፥ የኤክሰተሩ ጳጳስ በፓርላማ የተወሰነ ነገር በፓርላማ ሊሻር ይገባል የሚል መልስ ሰጠ። ንጉሡ ይህን አልወደደለትም። አንባቢዎቻችን ይህን መልስ ልብ እንዲሉት እንለምናለን። ያን ቃል የተናገረው የሕግ ሊቁ ነው፤ በዚያን ቀን የቆመውም ለንጉሡ ወይም ለመሳፍንቱ ወገን ሳይሆን ለሥርዐቱ ነው።

ነገር ግን ክረምቱ ሳይወጣ የጦርነቱ ዕድል ተለወጠ። በ1322 ዓ.ም. በማርች ወር ንጉሡ የመሳፍንቱን ጦር በቦሮብሪጅ ድል አደረገ፤ የአጐቱን ልጅ የላንካስተሩን ቶማስንም፥ ስለ ራሱ እንዲናገር እንኳ ሳይፈቀድለት፥ በገዛ ቤተ መንግሥቱ ፊት አንገቱን አስቈረጠው። ዴስፔንሰሮቹ ተመለሱ። በሜይ ወር ስቴፕልደን እንደገና በጅሮንድ ሆኖ ተሾመ፤ እስከ 1325 ዓ.ም. ጁላይ ወርም በዚህ ሥራ ቈየ።

ሁለተኛው የበጅሮንድነት ዘመኑ የግምጃ ቤቱ የሥርዐት ዘመን ነው። በ1323 ዓ.ም. በካውይክ የወጣው ደንብ፥ ከእርሱም በኋላ የተከተሉት፥ ሒሳብ እንዴት እንደሚጻፍ፥ ማን መቼ ሒሳቡን እንደሚያቀርብ፥ የማይከፈል የሞተ ዕዳ ከዋናው ጥቅልል ወጥቶ በሌላ ጥቅልል እንዲጻፍ የሚያዝዙ ነበሩ። ለሒሳብ ሰው ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን መዝገቡ በጠራ መጠን የተረሳው ዕዳ ሁሉ ብቅ አለ። በአያት ዘመን የተበደረ፥ በአባት ዘመን የተቀጣ ሁሉ ልጁ እንዲከፍል ተጠየቀ። በጦርነቱ ከተሸነፉት ባላባቶች የተወረሰው ርስት ገቢውም ሆነ ቅጣቱ በዚሁ ግምጃ ቤት እጅ ይሰበሰብ ነበር። ረኃብ ካለፈበት ሕዝብ ጥቂት ዓመታት በኋላ ብር እንደ ጐርፍ ወደ ንጉሡ ሣጥን ገባ፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በግምጃ ቤቱ 60 ሺህ ፓውንድ ያህል ተከማችቶ ነበር። ሲነግሥ ዕዳ ለወረሰ ንጉሥ ይህ ታላቅ ሀብት ነው።

በዚህ ቦታ አንድ የምናውቀውን ነገር ማንሣት ግድ ሆነብን። ስሙን በማንጠራው መሥሪያ ቤት አንድ ትጉህ ጸሐፊ የቆዩ ወረቀቶችን ሲያስተካክል የአንድ የሞተ ሰው ዕዳ አገኘ። ወረቀቱ ትክክል ነበር፤ ቁጥሩም አልተሳሳተም። የሟቹ ሚስት ተጠርታ መጣች፤ አሮጊት ናት፤ ዕዳ መኖሩንም አልሰማችም። ጸሐፊው የተጻፈውን ሲያነብላት ዝም ብላ አዳመጠችና፥ «ልጄ፥ ይህን ወረቀት ባታገኘው ምን ነበረበት?» አለችው። እርሱም፥ «እማማ፥ እኔ አይደለሁም፤ መዝገቡ ነው» አላት። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ያ መልስ ከጆሮአችን አልጠፋም። ስለ ስቴፕልደን ባነበብን ቊጥር የምናስበው ይህንኑ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ጳጳሱም ለሎንዶን ሰዎች ሊሰጥ የሚችለው መልስ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የዘመኑ የታሪክ ጸሐፊ ስቴፕልደንን ከልክ ያለፈ ስስታም ነው ብሎ ይወቅሰዋል፤ በሹመቱም ዘመን እጅግ ባለጠጋ ሆነ ይለዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የእኛ አገር ተረት በእንግሊዝም ዘንድ ሳይነገር ይሠራበት የነበረ ይመስላል። ይሁን እንጂ የጥላቻው ሥር የጳጳሱ ሀብት ብቻ አልነበረም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው፥ በዚያ አገርም ሕዝቡ ንጉሡን በቀጥታ መክሰስ ስለሚከብደው «ንጉሡ መልካም ነው፤ ክፉዎቹ አማካሪዎቹ ናቸው» ይል ነበር። ዴስፔንሰር በንጉሡ ስም መሬት ይወስዳል፤ የተወሰደውን መሬት ገቢ ግምጃ ቤቱ ይመዘግባል፤ ባለመሬቱ የሚያየው ግን የመዝጋቢውን እጅ ነው።

ወደ መጨረሻው መከራ የወሰደው ግን የንግሥቲቱ ቂም ነው። በ1324 ዓ.ም. ስለ ጋስኮኝ ከፈረንሳይ ጋራ ጦርነት ተነሣ። ንግሥት ኢዛቤላ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሻርል 4ኛ እኅት ነበረችና፥ ጠላት በባሕር ቢመጣ ያሰጋል በሚል ምክንያት በሴፕቴምበር ወር ርስትዋ ሁሉ ተወሰደባት። ንግሥቲቱም ይህን ያደረጉብኝ ዴስፔንሰርና በጅሮንዱ ናቸው ብላ በልብዋ ያዘችው። በ1325 ዓ.ም. በማርች ወር ከወንድምዋ ጋራ ዕርቅ እንድታወርድ ወደ ፈረንሳይ ተላከች። በሴፕቴምበር ወር ደግሞ የ12 ዓመቱ አልጋ ወራሽ ስለ ጋስኮኝ ግዛት ለፈረንሳዩ ንጉሥ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽም ወደ ፓሪስ ሲሄድ፥ ስቴፕልደን አብሮት እንዲጓዝ ታዘዘ። በዚያም ከንግሥቲቱ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሰዎች ከእንግሊዝ የተሰደዱ የንጉሡ ጠላቶች ነበሩ። ጳጳሱ ለሕይወቱ ስለ ሠጋ ልብሱን ለውጦ እንደ ተራ መንገደኛ ሆኖ ወደ አገሩ ሸሸ። ንግሥቲቱ በዲሴምበር ወር የወቀሳ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ራስዋም ወደ ባልዋ ለመመለስ እንቢ አለች።

በ1326 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 24 ቀን ኢዛቤላ ከሮጀር ሞርቲመር ጋራ ጥቂት ጦር ይዛ በምሥራቃዊው የእንግሊዝ ጠረፍ ወረደች። የሚከላከላት አልተገኘም፤ እንዲያውም መሳፍንቱና ጳጳሳቱ አንድ በአንድ ወደ እርስዋ ገቡ። የሄርፎርዱ ጳጳስ አዳም ኦርልተን ለእርስዋ ሰበከላት። ንጉሡ ከዴስፔንሰር ጋራ ሎንዶንን ትቶ ወደ ምዕራብ ሸሸ፤ ከተማይቱን እንዲጠብቅ የተተወው ስቴፕልደን ነበር። በዚያን ጊዜ በጅሮንድነቱን ከለቀቀ ከዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወደ ሀገረ ስብከቱ ሊሄድ በቻለ ነበር። እርሱ ግን ቀረ።

ኦክቶበር 15 ቀን የሎንዶን ሕዝብ ተነሣ። ከንቲባው ሃሞ ቺግዌል በሕዝቡ ተገዶ ከንግሥቲቱ ወገን መሆኑን በመሐላ ገለጸ። ከዴስፔንሰር ሰዎች አንዱ ተይዞ ተገደለ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳሳት ዋልተር ሬይኖልድስ ይህን ሲሰማ ወደ ኬንት አውራጃ ሸሽቶ አመለጠ። ስቴፕልደን ግን በፈረስ ሆኖ ሁለት ባለሟሎቹን አስከትሎ በከተማው ውስጥ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰማ፤ በመቅደስ ለመማፀን ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ፈረሱን አስሮጠ። ከሰሜናዊው በር ሲደርስ ሕዝቡ ደርሶ ከፈረሱ ጐትቶ ጣለው። ከዚያም ቺፕሳይድ ወደሚባለው የገበያ አደባባይ እየጐተቱ ወስደው አንገቱን ቈረጡት። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች እንደሚሉት የተቈረጠው በዳቦ መቍረጫ ቢላዋ ነው። ሁለቱም ባለሟሎቹ አብረውት ተገደሉ፤ ቤቱም ተዘረፈ። ራሱ ወደ ንግሥቲቱ ተላከ። ሬሳው ራቁቱን በአደባባይ ዋለ፤ በኋላም የሚቀብረው ጠፍቶ በአንድ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለ ጸሎት ተጣለ። በሚቀጥለው ዓመት በማርች ወር ግን ወደ ኤክሰተር ተወስዶ በካቴድራሉ ውስጥ ከታላቁ መንበረ ታቦት በስተ ሰሜን በክብር ተቀበረ፤ መቃብሩም ዛሬ ይታያል።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። አባትየው ዴስፔንሰር በብሪስቶል፥ ልጁ ደግሞ በሄርፎርድ ተገደሉ። ንጉሡ በኖቬምበር ወር ተያዘ፤ በ1327 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ከዙፋኑ ወረደ። ስቴፕልደን በብዙ ድካም ያከማቸውን ገንዘብ ኢዛቤላና ሞርቲመር በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባከኑት። ሞርቲመርም በተራው በ1330 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። የላንካስተሩ ቶማስ ሳይናገር ተገደለ፤ ስቴፕልደን ሳይናገር ተገደለ፤ ዴስፔንሰሮቹም እንደዚሁ። አንድ ጊዜ የፍርድ በር ከተዘጋ፥ የዘጋውም ሰው ራሱ በችግሩ ቀን ተከፍቶ አያገኘውም።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው ምን እንበል? ሕዝቡ የሠራውን ሥራ ልናመሰግን አንችልም። ሰውን ያለ ዳኛ ከመቅደስ በር ጐትቶ መግደል ብድር መመለስ ነው እንጂ ፍትሕ አይደለም፤ ከጳጳሱ ጋራ የሞቱት ሁለቱ ባለሟሎች ደግሞ ጌታቸውን ከመከተል በቀር ያጠፉት ጥፋት አይነገርም። በሌላ በኩልም ጳጳሱን ሰማዕት ነው ብለን ለማለፍ አንደፍርም። ያ የሎንዶን ሕዝብ ቂሙን ከሜዳ አላነሣውም።

እኛ የምናስበው እንዲህ ነው። ስቴፕልደን ሁለት ታማኝነት ነበረው። አንደኛው ለሥርዐት ነው፤ በዚህ ታማኝነቱ መዝገቡን አቃና፥ ለተማሪዎቹ ደንብ አወጣ፥ በፓርላማ የተወሰነው በፓርላማ ይሻር ብሎ ተናገረ። ሁለተኛው ለጌታው ነው፤ በዚህ ታማኝነቱ ሌሎች ሲሸሹ በሎንዶን ቀረ። ሁለቱም ታማኝነቶች በየበኩላቸው የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ጌታው ሥርዐቱን በረገጠ ጊዜ ሁለቱ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ስቴፕልደንም ከሁለቱ ሁለተኛውን መረጠ። ከዚያ በኋላ ሥርዐት ወዳድነቱ ሁሉ ሥርዐት ለሌለው ሰው መሣሪያ ሆነ። ግምጃ ቤቱ ያልተስተካከለ ቢሆን ኖሮ ዴስፔንሰር ያን ያህል ለመሰብሰብ ባልቻለም ነበር። በክፉ ጌታ እጅ ያለ የተበላሸ መዝገብ ለድሀው መሸሸጊያ ይሆነዋል፤ የጠራ መዝገብ ግን መሸሸጊያውን ያሳጣዋል። ይህን ስንል የተበላሸ መዝገብ ይሻላል ማለታችን አይደለም። መልካም አሠራር ብቻውን መልካም ሥራ እንዳልሆነ ለማመልከት ነው።

ስለዚህም «እኔ አይደለሁም፤ መዝገቡ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። መዝገብ በራሱ እግር ሄዶ የማንንም ደጅ አያንኳኳም፤ አንድ ሰው ገልጦ ያነብበዋል፥ አንድ ሰው ይፈርምበታል፥ አንድ ሰው ያስፈጽመዋል። በእነዚህ ሰዎች መካከል እያንዳንዱ የእጁን ድርሻ ብቻ አይቶ ንጹሕ ነኝ ቢል፥ በደሉ ባለቤት ያጣና በመጨረሻ አደባባይ ላይ የተገኘው ሰው የሁሉን ይከፍላል። ለሥራችን ቁጥሩ ልክ መሆኑን ከመረመርን በኋላ የሚቀር አንድ ምርመራ አለ፤ እርሱም ይህ የተስተካከለ ሥራ ወደ ማን ደጅ ይሄዳል? ምን ያደርጋል? የሚለው ነው። ምናልባት መልሱን ለመለወጥ ሥልጣን አይኖረን ይሆናል። ሆኖም ስቴፕልደን ራሱ በ1321 ዓ.ም. እንዳሳየው፥ ሥልጣን የሌለው ሰው እንኳ «ይህ በሥርዐቱ ይሁን» ብሎ ቃሉን ሊያስመዘግብ ይችላል።

ንጉሡ የሰበሰበው ብር አለቀ፤ የዴስፔንሰሮቹም ርስት ለሌላ ሆነ። የስቴፕልደን ዝርዝር ግን ዛሬ ቂምና ወገን በሌላቸው ተማሪዎች እጅ ይገለጣል፤ በኦክስፎርድም የመሠረተው ቤት ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶችን ያስተምራል። ለአንድ ጌታ መሣሪያ እንዲሆን የሠራው ሥራ ከጌታው ጋራ ጠፋ፤ ስማቸውን ለማያውቃቸው ለኋለኛዎቹ ሰዎች የሠራው ሥራ ቀረ። በመንግሥት ጠረጴዛ ዘንድ ለምንቀመጥ ሁሉ፥ የዕለቱን ደብዳቤ ፈርመን ከመነሣታችን በፊት ከሁለቱ ለየትኛው እንደ ሠራን ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል።